ለሕክምና ተማሪዎቻችን ገንዘብ ከየት ይምጣ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከመንዝም፣ ከመርሐቤቴም፣ ከአንኮበርም፣ ከምንጃርም የመጣችሁ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። መንገዱ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። ከባሕር ማዶ መጥታችሁ በደብረ ብርሃን ብርድ አብራችሁን የተቀመጣችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሰሜን ሸዋ ማኅበራችን የዘንድሮው ጉባኤ ዋና ጉዳይ አንድ ነው። ሐኪም መሆን የሚፈልጉ ልጆቻችን በገንዘብ ምክንያት እንዳይቀሩ ምን እናድርግ?

ለሕክምና ያደላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርቱ ረጅም ነው። አብሮ አደጎቹ ተመርቀው ደመወዝ ሲበሉ የሕክምና ተማሪው ገና ሆስፒታል ዎርድ ውስጥ ነው። ቤተሰብ ደግሞ መጠበቅ ይደክመዋል። እዚያ ለመድረስ ያለውን ወንፊትም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ያለፉት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ጭራሽ ያልተፈተኑም ብዙ ናቸው። ይህን ሁሉ አልፎ ሕክምና የደረሰው ልጅ በላፕቶፕና በትራንስፖርት ሲቸገር ማየት ለእኔ ያንገበግባል።

ብዙ ወላጅ "የዶክተር ትምህርት የሀብታም ነው" ይላል። እባካችሁ ይህን በየቀበሌያችሁ አርሙልኝ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ወጪ መጋራት ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ድርሻውን ከደመወዙ ይከፍላል። ለመግባት የሚቆጠር ብር የለም። ችግሩ ከገባ በኋላ ነው። ጋውን፣ ስቴቶስኮፕ፣ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ለሴቶቹ ሞዴስ። እዚሁ አጠገባችን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ገብቶ የሚማር ልጅ ከቤቱ ብዙ ላይርቅ ይችላል፤ የኪስ ገንዘብ ግን እሱንም ይቸግረዋል። ማኅበራችን በራሱ አቅም ሊሸፍን የሚችለው ይህን ክፍተት ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ልጁን ከትምህርቱ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ትንሹ ነገር ነው።

የግል ኮሌጅ ክፍያ ሌላ ታሪክ ነው። መሬት አከራይቶ፣ በሬ ሸጦ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎ ሁለተኛው ላይ መቆም አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት ወደ ማኅበሩ ኑ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለውን ሒሳብ አብረን እንሥራ።

አሁን ወደ ስኮላርሺፕ ልምጣ፤ ረዘም አድርጌ የምናገረው እዚህ ላይ ነው። የቱርክ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል የትምህርት ክፍያውን፣ ማደሪያውን፣ የወር ገንዘቡን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የቋንቋ ዓመቱን ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ለሕክምና ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶ ውጤት ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ በጥር ተከፍቶ በየካቲት ይዘጋል። ማመልከቻው በነጻ ነው። "እኔ አስገባልሃለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣባችሁ በሩን ዝጉበት። በአገር ውስጥ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሚያካሂደው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ልዩ ትኩረት ይሰጣል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ቤት አታስቀምጡት።

ልጆቻችን ታዲያ ለምን አያገኙትም? ሰነፍ ሆነው አይደለም። ወሬው የሚደርሳቸው ቀኑ ሊያልፍ ሲል ነው። ያን ጊዜ ፓስፖርት የለም፣ የልደት ሰርተፍኬት የለም፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። አንዲት ፊደል ስትስተካከል ወር ያልፋል። ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው፦ ከ11ኛ ክፍል ጀምረን ጎበዝ ተማሪዎችን ከየወረዳው እንለይ፤ ወረቀታቸውን አስቀድመን እናስጨርስ፤ የማመልከቻ ደብዳቤያቸውንም በእንግሊዝኛ ጎበዝ የሆናችሁ አባላት አንብቡላቸው። በተለይ ሐኪም የሆናችሁ፣ እናንተ ያለፋችሁበት ነውና አንድ አንድ ልጅ ያዙ።

አሜሪካ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ባጭሩ። እዚያ ሕጉ ተቀይሯል። ከሐምሌ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚገባ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። የቀረውን ከየት እንደምታመጡ ከአሁኑ አስቡ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ከ2018 እ.ኤ.አ.፣ አልበርት አንስታይን የሚባለው የሕክምና ኮሌጅ ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተማሪዎቻቸው የትምህርት ክፍያ አንስተዋል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የመግቢያ ፈተናውንና የማመልከቻውን ክፍያ የሚቀንስ ድጋፍም አለ፤ ፈተናውን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ የሚያከራክረን ነገር አለ። እዚያው አሜሪካ መንግሥት የተማሪውን ክፍያ ሸፍኖ፣ ተመራቂው ሐኪም በሌለበት አካባቢ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲያገለግል የሚያስገድድ ፕሮግራም አለ። እኛም የረዳነውን ልጅ ተመርቆ ሰሜን ሸዋ እንዲሠራ በውል እንሰር ያላችሁ አባላት አላችሁ። ሐሳባችሁ ከአገር ፍቅር የመጣ ነው፤ አከብረዋለሁ። እኔ ግን አልስማማም። የምንሰጠው የኪስ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ዕድሜውን ልናስረው አይገባም። ከዚያ ይልቅ ሥራ ሲይዝ ከሱ በኋላ የሚመጣ አንድ ተማሪ እንዲደግፍ ቃል እናስገባው። ከምሳ በኋላ ተከራከሩበት፣ ውሳኔው የጉባኤው ነው።

ጸሐፊያችን አሁን ቅጹን ያዞሩላችኋል። በወር ስንት እንደምትችሉና የትኛውን ወረዳ እንደምትከታተሉ ጻፉበት። ጉባኤው ተከፍቷል።