ፊቱን ዱቄት የተቀባው ሰው
(በቅበላ ምሽት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ጭምብል ያጠለቃችሁም ያላጠለቃችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በር ላይ ሦስት ፒዬሮዎች፣ ፊቱ ነጭ የሆነውን የፈረንሳይ ቲያትር ገጸ ባሕርይ መስለው የለበሱ ሰዎች፣ ተቀበሉኝ። አንደኛው ፊቱን በፉርኖ ዱቄት ስላነጣው ሲስመኝ ኮቴን አበላሸው። አልተቀየምኩም። የድሮዎቹም ዱቄት ነበር የሚቀቡት።

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ሰላምታው «ቦንዡር»፣ ምስጋናው «መርሲ» ነበር። ይህ ብርቅ አይምሰላችሁ፤ አዲስ አበቤውም «ለገሀር» ባለ ቁጥር ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አሮጌ ካላንደር ተሰቅሏል፦ ድልድይ፣ የመንገድ መብራት፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት። ፓሪስ ለእኔ ዝናቧ የማያበሰብስ፣ ሰዋ የማይርበው ከተማ ነበረች። ያን ሕልም የሠሩልን ሰዎች ግን እርቦአቸው የሚያውቅ፣ ብዙዎቹም ከውጭ የመጡ እንደነበሩ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የዛሬው ወሬዬ እሱ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አርለኬንና ኮሎምቢን የሚባሉት የተውኔት ገጸ ባሕርያት ፓሪስ የገቡት ከጣሊያን ተዋንያን ጋር ነው። አርለኬን በቁርጥራጭ ጨርቅ የተጣፈ ልብስ የሚለብስ፣ አፈ ጮሌና ሆዳም አሽከር ነው። ኮሎምቢን ከጌቶቿ የምትበልጥ ብልህ ገረድ ናት። ፒዬሮ እዚያው ፓሪስ፣ በእነዚሁ ጣሊያኖች እጅ አደገ፤ ዕጣው ኮሎምቢንን መውደድና ማጣት ሆነ። በ1697 ሉዊ 14ኛ ቲያትራቸውን ዘግቶ አባረራቸው። የንጉሡን ሚስት፣ ማዳም ደ ማንትኖንን፣ የሚነካ ተውኔት ሊያሳዩ ነው ተብሎ ነው ይባላል።

ገጸ ባሕርያቱን የሳን ዠርመንና የሳን ሎራን ዓመታዊ ገበያ ተዋንያን ወረሷቸው። ይሄኔ የንጉሡ ቲያትር ኮሜዲ ፍራንሴዝ «በመድረክ ላይ መነጋገር የኔ ብቻ መብት ነው» ብሎ ከሰሰ፤ የገበያው ተዋንያንም እንዳይናገሩ ታገዱ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ግጥሙን በትልቅ ሰሌዳ ጽፈው፣ ክንፍ የተሰካላቸው ሁለት ሕፃናት ይዘውት ከጣራ እንዲወርድ አደረጉ። ኦርኬስትራው ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ይመታል፤ ተመልካቹ እያነበበ ይዘፍናል። እንዳያፍርም በመሃሉ የተከፈላቸው አስጀማሪዎች ተቀምጠዋል። ተዋናዩ አፉን አልከፈተም፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ደግሞ ማን ይከሳል? በእኛ አዝማሪ ቤት «ተቀበል» የሚለው እንግዳው፣ ተቀባዩ አዝማሪው ነው። እዚያ ነገሩ ተገለበጠ።

ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አንድ ፒዬሮ አለ። ቫቶ የተባለው ሠዓሊ በ1718 ገደማ የሣለው፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ሸራ። ነጭ የሳቲን ልብሱ አልሆነውም፤ እጅጌው ረዝሞ ክንዱ ላይ ተሸብሽቧል፣ ሱሪው አጥሯል። እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ወደ ታች ለቋቸዋል። ጓደኞቹ ከኋላው ዝቅ ብለው በአህያ ይጫወታሉ፤ አህያዋ በአንድ ዓይኗ እኛን ታያለች። የካላንደሯን ፓሪስ እያሰብኩ የሄድኩ ሰውዬ፣ ፊቱ ቆሜ ሃያ ደቂቃ ያህል የቆየሁ ይመስለኛል።

ይህን የዋህ ሰው እንደገና ዝነኛ ያደረገው ዣን ጋስፓር ደቡሮ ነው፤ በ1796 በዛሬዋ ቼክ፣ ቦሄሚያ ውስጥ የተወለደ የአክሮባት ቤተሰብ ልጅ። ቡሌቫር ዱ ታምፕል በሚባለው መንገድ፣ ፉናምቡል በሚባል ርካሽ ቲያትር ይሠራ ነበር። የቲያትሩ ፈቃድ ለገመድ ላይ ጨዋታና ለድምፅ አልባ ትወና ብቻ ነበር። ደቡሮ የፒዬሮን ሰፊ አንገትጌና ባርኔጣ አውልቆ ጣለ፤ ነጭ ፊትና ጥቁር ቆብ ቀረ። ከሩቅ፣ ከርካሹ ወንበር፣ ቅንድቡ ሲነሳ እንኳ ይታያል። በ1836 መንገድ ላይ የሰደበውን ወጣት በከዘራ መትቶ ገደለው፤ ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቀው። ሕዝቡ ችሎቱን ያጣበበው የዝምተኛውን ድምፅ ለመስማት ነበር ይባላል። ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ የሚያወሩት አሉ፤ እኔ ግን የሞተው ልጅ ትዝ ይለኛል።

ስለ በዓሉ ደግሞ፦ ካርኒቫል ማለት ቅበላ ነው፣ ከጾም በፊት ሥጋን መሰናበቻ። የዚያ ዘመን ፓሪሶች ሌሊቱን ቤልቪል ኮረብታ ላይ ጨፍረው፣ ጾማቸው በሚገባበት ረቡዕ ማለዳ ጭምብላቸውን እንዳጠለቁ፣ እየተንገዳገዱ ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። የኛም ረቡዕ ባይሆን ሰኞ ይመጣል፤ ዛሬ ብሉ።

የደቡሮ መንገድ ላይ የነበሩትን ቲያትሮች አብዛኞቹን በ1862 አፈረሷቸው። ነገር ግን እሱ በሕይወት እያለ፣ በ1838፣ የፎቶ ፈር ቀዳጁ ዳጌር ያን መንገድ ከፎቅ መስኮት ፎቶ አንስቶታል። ፎቶው ደቂቃዎች ስለሚፈልግ ሠረገላውም፣ ፈረሱም፣ ሕዝቡም ተንቀሳቅሶ ጠፍቷል፤ መንገዱ ባዶ ይመስላል። ጥግ ላይ ግን አንድ ሰው ይታያል፣ በፎቶ ከታዩ ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያው እየተባለ የሚጠራ። ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ከእግሩ ሥር የሊስትሮው ጥላ አለ።

ሙዚቀኞቹ እያዩኝ ነው፤ ልልቀቅላቸው። ዱቄት የተቀባችሁ ግን፣ በኮቴ በኩል ስታልፉ እባካችሁ።