አንበሳው የማን ነው? በድሮ የአውሮፓ ጎራዴዎች እጀታ ላይ ስላሉ እንስሳት

በዚህ ሳምንት ስለ አውሮፓ ጎራዴዎች ብዙ ጥያቄ መጥቷል። የባለሙያችን መልሶች እነሆ።

ከፍራንክፈርት የደወሉ አድማጭ፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ጎራዴ እጀታው የአንበሳ ራስ አለው። ዓይኖቹ ቀይ ናቸው። የከበረ ድንጋይ ይሆኑ? የትልቅ ሰው ጎራዴ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ዓይኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ባለቀለም መስታወት ናቸው። ባለ አንበሳ ራስ ጎራዴ በጀርመን መኮንኖች ዘንድ የተለመደ ነበር። ብዙዎቹ የተሠሩት በዞሊንገን ከተማ ነው። መኮንኑ ጎራዴውን በራሱ ገንዘብ ያሠራ ስለነበር ጌጡም እንደ ኪሱ ነው።

አንበሳ የጀግንነትና የሥልጣን ምልክት መሆኑ አያከራክርም። ስለ ባለቤቱ ግን ከእንስሳቱ ሁሉ ትንሹን የሚነግረን እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሁሉም አገር ይወደዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1827 የወጣውን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች ጎራዴ እንይ። የአንበሳው ጋማ ከራሱ ተነሥቶ በእጀታው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። መያዣው በነጭ የዓሣ ቆዳ ተለብጦ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ቆዳው ሻካራ ስለሆነ የረጠበ እጅ እንኳ አያዳልጠውም። የእጅ መከላከያው ላይ ዘውድና መልሕቅ አለ። የባሕር ሰው መሆኑን የሚነግረን እንግዲህ መልሕቁ ነው። እርስዎም ከአንበሳው ይልቅ ስለቱን ከእጀታው ሥር ይመልከቱ፤ የሠሪው ማኅተም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ የፈረንሳይ ጎራዴ ላይ አውራ ዶሮ አይቻለሁ። ዶሮ ለጦር መሣሪያ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ! አውራ ዶሮ ጎሕ ሳይቀድ የሚነቃ፣ ለግቢው የሚዋጋ እንስሳ ነው። የፈረንሳይ አብዮተኞች ምልክታቸው አደረጉት። ናፖሊዮን በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ግን ዶሮውን ትቶ የሮማውያንን ንስር መረጠ። ከእሱ ውድቀት በኋላ የተመለሱት ነገሥታት ደግሞ የሊሊ አበባቸውን መለሱ። በ1830 አብዮት ሥልጣን የያዘው ሉዊ ፊሊፕ ዶሮውን እንደገና አነሣው። ስለዚህ እጀታው ላይ ያለው ጌጥ ዘመን ይቆጥራል። የፈረንሳይ ጎራዴ ላይ ንስር ሳይ መጀመሪያ የማስበው የመጀመሪያውን ናፖሊዮን፣ ቀጥሎም ከ1852 እስከ 1870 የነገሠውን ሦስተኛውን ናፖሊዮን ነው።

ንስር ሁሉ ግን የናፖሊዮን አይደለም። የአሜሪካ መኮንኖችም ባለ ንስር ራስ ጎራዴ ይታጠቁ ነበር። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የተሠሩት በእንግሊዟ በርሚንግሃም ነው፤ ተዋግተው ነፃ በወጡባት አገር!

ከዋሽንግተን፦ እባብስ? እናቴ ቤት አታስገባው ብላኛለች።

መልስ፦ እናትዎን አይዟችሁ ይበሉልኝ። በአውሮፓ ጦር ሐኪሞች ጎራዴ ላይ በበትር የተጠመጠመ እባብ የሕክምና ምልክት ነው። የመጣው ከግሪኮቹ የፈውስ አምላክ ከአስክሊፒዮስ ነው።

ፍራንክፈርት በድጋሚ፦ ነሐሱ ጠቁሯል፤ ልወልውለው?

መልስ፦ እባክዎ ተዉት። እንዲህ ያለ ነሐስ ብዙ ጊዜ በስሱ ወርቅ የተቀባ ነው። የብረት ማጽጃ ወርቁን ይልጠዋል፤ የጋማውን ቀጫጭን መስመሮችም እያደር ያጠፋቸዋል። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።