መርዶ ያልደረሳቸው ቤቶች

የተከበራችሁ የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ስለ ጦርነት እንድናገር የፈቀዱልኝን የእድራችንን ሊቀመንበር አመሰግናለሁ። ነገሩ ለእድር ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከእድር የተሻለ ቦታ የለውም ባይ ነኝ። የማነሳው በደርግ ጊዜ ከዚህ ሰፈር ወደ ሰሜን ዘምተው ያልተመለሱትን ልጆች ነው። ጥሩምባ ያልተነፋላቸውን፣ ድንኳን ያልተጣለላቸውን።

ሰፈራችን አሸዋ ሜዳ ያኔ እንዲህ ሕንጻ አልነበረበትም። ማሳና ባሕር ዛፍ ነበር፣ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ቤት። ጦርነቱን ግን ከመሀል ከተማው ሰው በቅርብ እናየው ነበር። የአምቦን አስፋልት ይዞ የሚወጣ የጦር መኪና ሁሉ በደጃችን አልፎ ነው ታጠቅ ጦር ሰፈር የሚገባው። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ገበሬ እዚያ ገባ። 300,000 የተባለው ሚሊሺያ ማለቴ ነው። ሰኔ ላይ አብዮት አደባባይ ሰልፍ አሳይቶ ወደ ኦጋዴን ወረደ። በ1970 የሶማሊያ ጦር ከተባረረ በኋላ ከዚያ ሠራዊት ብዙው ወደ ኤርትራ ተላከ። ወራሪን ለመመለስ የታጠቀ ገበሬ ዓመት ሳይሞላው ከገዛ ወገኑ ጋር ተታኮሰ።

በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ይሰለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓመት ነው። ጦርነቱ ስላላለቀ ግን ሁለቱ ዓመት ለብዙዎቹ መጨረሻ አልነበረውም። ምልመላው በቀበሌ በኩል ነበር። ኮታ ይመጣል፣ ኮታው መሙላት አለበት። እየቆየ ነገሩ አፈሳ ሆነ። ልጅ ያላት እናት ማታ በር ሲንኳኳ ነፍሷ ነው የሚወጣው። ቆጥ ላይ የተደበቀ፣ ገጠር ዘመድ ጋ የተላከ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው የቀረ ልጅ ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ ትልልቆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ስለ ጦርነቱ የጻፉ ጄኔራሎችና መኮንኖች ብዙ ናቸው። ስለ አፍአበት፣ ስለ ምፅዋ፣ ስለ ሽሬ ተጽፏል። የትኛው ክፍለ ጦር በየት በኩል እንደተቆረጠ ተጽፏል። ጥሩ ነው፣ ይጻፍ። እዚህ ሰፈር ሆነው ያንን ጦር ስላበሉት ሴቶች ግን ያነበብኩት ጥቂት ነው። ስለዚህ እነሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን መፈክር ታስታውሳላችሁ። ለእናቶቻችን መፈክር ብቻ አልነበረም። ሥራ ነበር። የሴቶች ማኅበሩ፣ አኢሴማ የምንለው፣ በየቀበሌው ስንቅ ያዘጋጅ ነበር። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሶ ይሆናል። እንጀራው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። ዳቦ ቆሎው ይጠበሳል። ሽሮው፣ በርበሬው በከረጢት ይታሰራል። ይህን የምትሠራው ሴት ለራሷ ቤት ስኳርና ሳሙና በካርድ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ የምታመጣ ናት። ከባሏ ደመወዝ ላይ ለእናት ሀገር ጥሪ ይቆረጣል። ልጇም ወይ ዘምቷል፣ ወይ ተደብቋል። በአንድ እጇ ልጇን ትሸሽጋለች፣ በሌላው ለሰው ልጅ ስንቅ ትቋጥራለች። ሁለቱንም ከልቧ ነው የምታደርገው። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው ሰው ካለ የእናትን ሆድ አያውቅም።

ታጠቅ በር ላይም የሚቆሙ ነበሩ። ከኮልፌ፣ ከአውቶቡስ ተራ፣ ከዊንጌት ድረስ በእግራቸው የሚመጡ እናቶች። ምግብ በጨርቅ ቋጥረው ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ። ልጃቸው ከውስጥ ከወጣላቸው ያጎርሱታል። ካልወጣ ያመጡትን ደጅ ላገኙት ምልምል ሰጥተው ይመለሳሉ። «የኔንም አንዷ ታብላልኝ» እያሉ።

ከግንባር የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ሰላምታው ገጹን ይሞላዋል። እገሌ እንዴት ናት፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ጎረቤቶችን በሙሉ ሳሙልኝ። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል የለም። መጻፍም አይቻልም። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት እናቶች መካከል የልጃቸውን ደብዳቤ ራሳቸው ለማንበብ ብለው የተማሩ ነበሩ። እናቴ አንዷ ናት። ጣቷን ከቃሉ በታች እያስኬደች ታነብ ነበር።

ወንድሜ በ1979 ነው የሄደው። ሦስት ደብዳቤና አስመራ የተነሳው አንድ ፎቶ መጣልን። በ1981 ደብዳቤው ቆመ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። «ሞቷል» ያለን የለም፣ «ተማርኳል» ያለን የለም። አባቴ ጉዳዩ ወደሚመለከታቸው ቢሮዎች ተመላልሶ ነበር። «ስንሰማ እናሳውቃለን» ተባለ። የጠየቀው ሁሉ ያንኑ ነበር የሚሰማው። የሞት ዜና የሕዝቡን ወኔ ይሰብራል ተብሎ ይታፈን ነበር። ወሬ የሚመጣው ቆስሎ በተመለሰ ወታደር አፍ ነው። እሱም ለእናት እንዴት ይንገራት? ለጎረቤት ሹክ ይላል። ጎረቤት ይይዘዋል። ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እናት ሳታውቅ ዓመታት ያልፋሉ።

እድርተኞች ስለሆንን ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንረዳለን። እኛ አገር ሞት የሚነገርበት ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች በማለዳ ይሄዳሉ። ጥሩምባው ይነፋል። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሰው ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። ሦስቱ ይወጣል፣ አርባው፣ ሰማንያው ይደርሳል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም የራሳቸው የተዕዚያ ሥርዓት አላቸው። ሐዘንተኛ በዚያ ተደግፎ ነው የሚነሳው። መርዶ ያልተነገራት እናት ይህ ሁሉ የላትም። ጥቁር ልልበስ ብትል ልጇን በአፏ ገደለችው ይሏታል። ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፣ ዱዓ አስደረገች፣ አዋቂ ቤት ሄደች። አዋቂው «አለ» ይላታል። በየእንቁጣጣሹ የእሱን ድርሻ ታስቀምጣለች።

ሚስቲቱስ? ባል የላትም፣ መበለትም አይደለችም። የሞት ማስረጃ ስለሌላት የጡረታ ጥያቄ ማቅረብ ይቸግራታል። በሕግ መንገድ አልነበረም ማለቴ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው ጠፍቷል ተብሎ እንዲወሰን ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል ይላል። ግን የትኛዋ የድሃ ሚስት ናት ይህን ነግሯት ፍርድ ቤት የወሰዳት? አንዲት ጎረቤታችን ሃያ ዓመት ጠብቃ ነው ሌላ ሰው ያገባችው። ያኔም የታማችው እሷ ናት።

ግንቦት 1983 መጣ። ሠራዊቱ ፈረሰ። ወታደሩ ከኤርትራ በሱዳን ዞሮ፣ በትግራይ አቋርጦ፣ ከአሰብ በረሃውን ሰንጥቆ ተመለሰ። እግሩ ያበጠ፣ ልብሱ ያለቀ፣ ትናንት ጀግና የተባለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ ለመነ። የሰፈራችን እናቶች ያን ሰሞን መንገድ ዳር ውሃና ቆሎ ይዘው ይውሉ ነበር። እያንዳንዱን ፊት ያያሉ። «ልጄን አይተኸዋል? ክፍለ ጦሩ እንዲህ ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ልጅ ተመለሰ። እልልታም ሰማን፣ አልዋሽም። ያልተመለሰበት ቤት ግን እዚያው ጠበቀ።

በሌላው ወገን የነበሩትም ያንኑ ያህል ጠብቀዋል። ኤርትራ ውስጥ 65,000 ያህል ታጋዮች እንደወደቁ ይነገራል። መርዶው ለብዙ ቤተሰብ የደረሰው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። በየዓመቱ ሰኔ 13 ያስቧቸዋል። በቅርቡ ደግሞ፣ ከ2013 እስከ 2015 በተደረገው ጦርነት የሞቱ የትግራይ ታጋዮች ቤተሰቦች በጥቅምት 2016 መርዷቸውን ሰሙ። ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ ያን ዜና በስልኬ ሳይ አለቀስኩ። ስለ እነሱ አለቀስኩ፣ ስለ እናቴም አለቀስኩ። ለእሷ እንዲህ ያለ ቀን ሳይመጣላት ነው ያረፈችው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እድራችን አንድ መዝገብ ይክፈት። ከዚህ ሰፈር ዘምቶ ያልተመለሰ ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፍ። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሄደ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ ከየት እንደመጣ። የደርግ ወታደር ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ልጁ ሻዕቢያ፣ ሕወሓት ወይም ኦነግ ውስጥ የነበረ ካለ ይጻፍ። በቅርቡ ጦርነት ልጁን ያጣም ይጻፍ። በየትኛው ወገን ቆመ ብለን አንጠይቅም። እድር ቀባሪ ነው፣ ዳኛ አይደለም።

ከፖለቲካ እንዳይቆጠርብን የምትሰጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስጋታችሁን አልንቀውም። እናንተ በኖራችሁበት ዘመን ስም ዝርዝር ማለት መጥፎ ነገር ነበር። ለዚህ ነው መዝገቡ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ብቻ ይቀመጥ፣ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ለማንም አይሰጥ የምለው። ማስመዝገብ ያልፈለገም አይገደድ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምዝገባው ሥራ ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ መርጠን ድንኳኑን እንትከል። አዲሱን ድንኳን። ንፍሮ ይቀቀል። ስማቸው አንድ በአንድ ይነበብ። ቄሱም ሼኩም ፓስተሩም ይምጡ፣ እያንዳንዱ በእምነቱ ይጸልይላቸው። ወጪውን ከመጠባበቂያው እንድናወጣ ጉባኤው ድምፅ ይስጥበት። ካልበቃ በነፍስ ወከፍ እናዋጣለን።

ወጣቶች፣ እናንተን ደግሞ የምለምናችሁ አለኝ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እናቶች በዚህ ሰፈር ጥቂት ቀርተዋል። ቡና አፍልታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ በሶው፣ ስለ ታጠቅ በር፣ ስለ ደብዳቤው ጠይቋቸው። አትቸኩሉ። ዝም ካሉ ጠብቋቸው።

ምዝገባው ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ በእድሩ ዕቃ ቤት ይሆናል። ደብዳቤም ፎቶም ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ፎቶ አንስተን ወዲያው እንመልስላችኋለን። የወንድሜን ስም ዛሬ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። አመሰግናለሁ።