ማርቲን ባልገዛስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ቦክስ ጊታር

የዛሬው ሰዓት ውድ ቦክስ ጊታር አምሯቸው ዋጋው ላስደነገጣቸው አድማጮች ነው። መልስ የሚሰጡን ጊታር በማስተማርና በመጠገን የሚተዳደሩ ባለሙያ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን በእሳቸው አንደበት አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጊታር አገለግላለሁ። የጓደኛዬን ማርቲን ዲ-28 የተባለ ጊታር ሞክሬ ልቤ እዚያው ቀረ። አዲሱ ግን ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በ500 ዶላር የሚቀርበው ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲ-28ን ራሱን በ500 ዶላር አታገኚም። ሰው ፊት ይዘሽው የምትወጪው ጥሩ ጊታር ግን ታገኛለሽ። ዋናው ገንዘቡን የት ላይ እንደምታውይው ማወቅ ነው።

የቦክስ ጊታር ድምፅ ከሁሉም በላይ የሚመጣው ከፊቱ ነው፤ ቀዳዳው ካለበት ሰሌዳ። ክሩ ሲመታ አየሩን የሚገፋው እሱ ነው። ስለዚህ ፊቱ ወጥ እንጨት ይሁን፣ ኮምፔንሳቶ አይሁን። ዲ-28 ፊቱ ስፕሩስ የሚባል ወጥ እንጨት ነው። ጀርባና ጎኑም ወጥ የህንድ ሮዝውድ ነው። ፔንሲልቬንያ፣ ናዝሬት ከተማ ውስጥ ይሠራል። የምትከፍዪው ለእንጨቱ፣ ለአሜሪካ የእጅ ሥራ እና እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ለቆየው ስም ነው።

ጀርባው ሮዝውድ መሆኑ ስንት ያወጣል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጊታር ሠሪ ጋር ሆነው ስድስት ጊታሮች አሠሩ። ንድፉ አንድ ነው። የሚለያዩት በጀርባና በጎን እንጨታቸው ነው፤ ከብርቅዬው የብራዚል ሮዝውድ እስከ ተራው ሳፔሌ ድረስ። 52 ጊታር ተጫዋቾች በደብዛዛ ብርሃን፣ የብየዳ መነጽር አጥልቀው ተጫወቱባቸው። ለስድስቱም የሰጡት የድምፅ ነጥብ ተቀራራቢ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ሁሉ እነግራለሁ፤ ብዙ ሰው ለማይሰማው ልዩነት ደመወዙን ሲከፍል ማየት ያሳዝነኛል።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ በአዲስ ያማሃ ኤፍጂ800 ጀምሪ። ፊቱ ወጥ ስፕሩስ ነው፤ ጀርባና ጎኑ ኮምፔንሳቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ300 ዶላር በታች ይገኛል። ወንድሙ ኤፍጂ830 ጀርባና ጎኑ በሮዝውድ የተለበጠ ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ድምፁ ግን ወደምትወጂው ይጠጋል። ሲግማ የሚባለውንም እዪ። ማርቲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970 ርካሽ ጊታር ጃፓን ለማሠራት ያወጣው ስም ነው። አሁን ከማርቲን ጋር ባይሆንም ቅርጹና አሠራሩ ያንኑ መስመር ይከተላል።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ያገለገለ ነው። በ500 ዶላር ሙሉ በሙሉ ወጥ እንጨት የሆነ ያገለገለ ጊታር ማግኘት ይቻላል፤ በተለይ የያማሃና የኢስትማን። እንጨቱ ዓመታት አልፈውበት ካልተሰነጠቀ፣ ያ ራሱ ምስክር ነው። ከበጀትሽ ግን ለማስተካከያ የሚሆን ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ።

ፊቱ ወጥ መሆኑን ለማየት የቀዳዳውን ጠርዝ ተመልከቺ። ፊቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን የእንጨት መስመሮች ጠርዙ ጋ ደርሰው ወደ ውስጥ ከወረዱ ወጥ ነው። ጠርዙ ላይ የተደራረቡ ንብርብሮች ካየሽ ኮምፔንሳቶ ነው። ከዚያ የምታገለግዪበትን መዝሙር እራስሽ ተጫወቺ፤ የሻጩ ፈጣን ጣት አያታልልሽ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ይጫወት፣ አንቺ ፊት ለፊት ቁሚ። ጉባኤው የሚሰማው ያንን ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አንድ ሰው «ኦሪጅናል ማርቲን» ብሎ በጣም በወረደ ዋጋ አቀረበልኝ። ልግዛው?

መልስ፦ ቸኩለህ አትግዛ። የማርቲንና የሌላው ታዋቂ ጊታር ሠሪ የቴይለር አስመስሎ ሥራ በብዛት ይሸጣል። በቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመልከት። የማርቲን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት የውስጥ እንጨት ላይ ታትሟል። ቁጥሩን ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ የተሠራበትን ዓመት አይተህ ከሞዴሉ ጋር አስተያይ። ሻጩ ቁጥሩን ፎቶ ለማንሳት ካልፈቀደልህ ነገሩ አልቋል፣ ተወው። አስመስሎ የተሠራው ጊታር ድምፁ ደስ ሊልህ ይችላል። ያኔም ቢሆን የምትከፍለው የኮምፔንሳቶ ጊታር ዋጋ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። ለወንድሜ ጊታር ይዤለት አዲስ አበባ ልገባ ነው። ውድ ልግዛለት ወይስ ርካሽ? መንገድ ላይ ይሰበራል ብዬም እፈራለሁ።

መልስ፦ ወንድምሽ ጀማሪ ከሆነ ሁለመናው ወጥ የሆነ ውድ ጊታር አትግዢለት። ምክንያቴ ዋጋው ብቻ አይደለም። ወጥ እንጨት አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ጊታር የሚስማማው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። የሪያድ አየር ከዚያ በታች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አዲስ አበባም በበጋ ወራት ደረቅ ናት። ኮምፔንሳቶ ግን ንብርብሮቹ አቅጣጫቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ ቶሎ አይሰነጠቅም። ለእሱ የምመርጥለት ፊቱ ወጥ፣ ጀርባና ጎኑ ኮምፔንሳቶ የሆነውን ነው። ጊታሩን ከማቀፊያው (ከመያዣ ሳጥኑ) አውጥቶ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅለው ንገሪው። ማቀፊያው ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይኑረው፤ በበጋ ደግሞ ለጊታር ተብሎ የተሠራ ማርጠቢያ።

ለጉዞው ጠንካራ ማቀፊያ ግዢ፣ ስስ ጨርቁ አያድንም። ጊታር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መቃኛዎቹ ያሉበት ጭንቅላቱ ሥር ነው። ስለዚህ ከጭንቅላቱ በላይም በታችም ልብስ ጠቅጥቂ፣ እንዳይላወስ። ክሮቹን ጥቂት አላሊያቸው። አየር መንገዱ ወደ ካቢን ያስገባ እንደሆነ ደግሞ ትኬት ሳትቆርጪ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነኝ። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር በርካሽ አገኘሁ። የብረት ክር ብቀይርበት እንደ ውድ ቦክስ ጊታር ይጮኻል?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርገው። ስድስቱ የብረት ክሮች አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይስባሉ። ናይለኑ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ጊታሩ ለዚያ ስላልተሠራ ፊቱ ያብጣል፣ አንገቱ ይጎብጣል፣ ክሩ የታሰረበት እንጨት ተገንጥሎ ሊነሳ ይችላል። ናይለኑን ውደደው። ትዝታንና ባቲን አንድ በአንድ እየለቀምክ የምትጫወት ከሆነ ለስላሳው ድምፁ ያምርብሃል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። የ14 ዓመት ልጄ ጊታር ጀምራ ጣቷ በጣም እያመማት ልታቆም ነው። ጊታሩ ርካሽ ስለሆነ ነው ብላ ሌላ ግዛልኝ ትላለች። ልግዛላት?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ገንዘብዎን ገና አያውጡ። ጀማሪ ሁሉ ትንሽ ያመዋል፤ ለማቆም የሚያደርስ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የክሩ ከፍታ ነው። ርካሽ ጊታር ከፋብሪካ ሲወጣ ክሩ ከፍ ብሎ ይመጣል። ማንም አያስተካክለውም፣ ልጆች ደግሞ ችሎታ የላቸውም እየተባሉ ይተዉታል። በዚህ ምክንያት የቀሩ ብዙ ልጆች አሉ፤ በጣም ይቆጨኛል።

ማስመሪያ ይያዙ። 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት ነው)፣ ከብረቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ይለኩ። 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። 4 ሚሊሜትር ከሆነ የልጅዎ ጥፋት አይደለም። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይም 14ኛው ላይም ይጫኑት። መሃል ላይ፣ 7ኛው አካባቢ፣ በክሩና በብረቱ መካከል ሁለት ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። ከዚያ በጣም ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል። አንገቱ ውስጥ ያለው ረጅም ብረት በቁልፍ ጥቂት ሲጠብቅ ይቃናል። ይህን ጠጋኝ ይሥራው፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይገባም።

አንገቱ ደህና ሆኖ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ፣ ክሮቹ የሚያርፉባት፣ ብሪጁ (ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት) ላይ ያለችው ነጭ ቁራጭ ከሥሯ በብርጭቆ ወረቀት ትታሻለች። 12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ለማውረድ ከቁራጯ አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ይነሳል። ከመጠን በላይ ከታሸች ክሩ ብረቱን እየነካ ይንጫጫል፣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ እየታሸ ይለካ።

ክሩንም ይቀይሩላት። አሁን 12 ቁጥር ከሆነ 11 ወይም 10 ይግዙ፤ ቀጭን ስለሆነ ለጣት ይቀላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሦስት ወር ትጫወትበት። ያኔም ሌላ ጊታር ካለች እሷን ራሷን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። ገላው አነስ ያለውን እቅፍ አድርጋ ትሞክር፤ ትልቁ ለትከሻዋ ይከብዳታል።