ስንቅና ትጥቅ፦ ስለ ጓዳልካናል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከባሕር ዳር ነው። ዛሬ የማወራችሁ በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በሰሎሞን ደሴቶች ውስጥ ስላለችው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖችና ጃፓኖች ስለተዋጉባት ደሴት፣ ስለ ጓዳልካናል ነው። ስለዚያ ጦርነት ሲወራ ተኩሱ ይበዛል። እኔን የሚከነክነኝ ስንቁ ነው። እኛ «ስንቅና ትጥቅ» ስንል ስንቁን ማስቀደማችን እንዲሁ አይመስለኝም። በሶውና ዳቦ ቆሎው ሳይሰናዳ ዘማች ከቤቱ አይወጣም ነበር።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። አሜሪካኖች ደሴቲቱ ላይ የወረዱት ነሐሴ 1 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ፍልሰታ የሚገባበት ቀን፣ ጎጃም ከጣሊያን ነጻ ከወጣ ዓመት አለፍ ሲለው። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ጃፓኖች በደሴቲቱ ሉንጋ በተባለ ቦታ የጀመሩትን የአውሮፕላን ማረፊያ። ያዙት። ግን በማግስቱ ሌሊት ሳቮ ደሴት አጠገብ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ክሩዘር የሚባሉ 4 ከባድ የውጊያ መርከቦች ተመትተው ጠፉ፤ የጭነት መርከቦቹም ዕቃውን አራግፈው ሳይጨርሱ ሄዱ። የቀረው ወታደር በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ እየበላ፣ ጉድለቱን በማረከው የጃፓን ሩዝ እየሞላ፣ በማረከው የጃፓን መኪናና ዳምጠው ማረፊያውን ጨረሰ።

ይህን ማረፊያ በደንብ ልብ በሉልኝ። አውሮፕላን ከዚያ መነሣት እስከቻለ ድረስ የጃፓን መርከብ በቀን መቅረብ አይችልም። ስለዚህ ጃፓኖች ቀን በአውሮፕላን ይደበድቡታል፣ ሌሊት በመርከብ መድፍ ያርሱታል። በአንድ ሌሊት ሁለት የጦር መርከቦች ከ900 በላይ ትልልቅ ጥይት የጣሉበት ጊዜ አለ። የጥገናው ሥራ ታዲያ እንዲህ ነበር። በኋላ የመጣው ንጣፍ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው፤ አንዱ 3 ሜትር ርዝመት፣ 38 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ኪሎ ገደማ ክብደት፣ በጠርዙ እርስ በርሱ የሚቆላለፍ። መሐንዲሶቹ አንድ 500 ኪሎ ቦምብ ስንት ካሬ እንደሚገነጥል ለኩ፤ 150 ካሬ ሜትር ያህል። የዚያን ያህል ንጣፍ አስቀድመው እየቆጠሩ በሜዳው ዳር ዳር ከመሩ። ጉድጓዱን የሚሞላውን አሸዋና ጠጠርም መኪና ላይ እንደተጫነ ደበቁት። ቦምቡ ሲወድቅ 100 ሰው በ40 ደቂቃ ሞልቶ፣ ጠቅጥቆ፣ ንጣፉን ይመልሰዋል። ጥቅጠቃውን የሚዘል ሰው ግን ጉዱ በኋላ ነው፤ ያልተጠቀጠቀ አፈር ጎማው ሲያርፍበት ይሰምጣል፣ ብረቱ ይጎብጣል፣ አውሮፕላኑ ይሰበራል። መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ጃፓኖችስ? ለእነሱ የቀረው ሌሊት ብቻ ነው። ፈጣን አጥፊ መርከቦች ሲመሽ ይቃረባሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያራግፋሉ፣ ሳይነጋ ከአውሮፕላን ክልል ይወጣሉ። ችግሩ አጥፊ መርከብ የተሠራው ለውጊያ መሆኑ ነው። ሰው ይጭናል፤ ከባድ መድፍና የወር ቀለብ የሚይዝ ሆድ የለውም። ማራገፊያ ክሬንም የለውም፤ በትንንሽ ጀልባ ማመላለስ ደግሞ ሌሊቱን ይበላል።

ኅዳር ላይ በርሜል አሰቡ። የነዳጅ በርሜል ይታጠባል፣ ሩዝ ይገባበታል፣ ግን አይሞላም። ለምን እንደማይሞላ የጣና ታንኳ ሠሪ ወዲያው ይገባዋል። የደንገል ታንኳን የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። በርሜሉም ጢም ብሎ ከሞላ ይሰምጣል። ስለዚህ ለአየር ቦታ ይተዉለታል፤ እያንዳንዱ በርሜል የሚሸከመው ከሚችለው ያነሰ ነው ማለት ነው። ከዚያ በገመድ ይቀጣጠላል፣ መርከቡ ሳይቆም ባሕር ላይ ይጣላል፣ የገመዱ ጫፍ ወደ ዳር ይወሰዳል፣ እዚያ ያሉት ይጎትታሉ።

ጎታቹ ማነው? ሳምንታት ሙሉ ሥርና ቅጠል ሲበላ የከረመ ሰው። ጉልበት የለውም፤ ገመዱም ይበጠሳል። ሳይጎተት ሲነጋ ደግሞ አውሮፕላኖቹ ተንሳፋፊውን በርሜል በመትረየስ ይበሱታል። ኅዳር 24 ቀን 1935 ዓ.ም. ሌሊት 1,500 በርሜል ተጣለ፤ የተገኘው 310 ነው። ሩዙን እዚያ ድረስ አምጥቶ፣ ዳር ሳይደርስ፣ ሰው እያየው ማጣት! ይህ ነገር ልቤን ያመኛል።

ወባውስ? ጃዊንና የዓባይን በረሃ ለሚያውቅ አዲስ አይደለም። የቦምብ ጉድጓድና የመኪና ጎማ የረገጠው መሬት ዝናብ ይይዛል፣ ፀሐይ ያገኘዋል፣ ትንኟ ትፈላበታለች፤ እኛ ዘንድ የከብት ኮቴ እንደሚይዘው ውኃ ማለት ነው። ለአሜሪካኖቹ አታብሪን የሚባል መራራ ኪኒን ታደለ። ቆዳ ቢጫ ያደርጋል፤ ወንድነት ያጠፋል የሚል ወሬም ተነዛበት፤ ወታደሩ ጣለው። መፍትሔው የምግብ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ እስኪዋጥ ድረስ አፍ አፍ ማየት ሆነ። ኪኒኑ ደግሞ ያስታግሳል እንጂ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት ከጉበት አይነቅልም፤ አውስትራሊያ ሄደው ሲያርፉ ወባው ብዙዎቹን እንደገና ጣላቸው። ዛሬም ጤና ጣቢያ ለቫይቫክስ ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን የሚያዘው ለዚሁ ነው፤ ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብላችሁ በአምስተኛው ቀን አታቋርጡት።

ጃፓናውያኑ ደሴቲቱን «ጋቶ» አሏት። «ጋ» የስሟ መጀመሪያ ነው፤ በእነሱ ጽሕፈት ግን በዚያው ድምፅ «ረሃብ» ተብሎ ይጻፋል፤ የረሃብ ደሴት። ከመኮንኖቻቸው አንዱ የሰውን ቀሪ ዕድሜ የሚቆጥሩበትን ዘዴ በማስታወሻው አስፍሯል። መቆም የሚችል 30 ቀን። መቀመጥ የሚችል 3 ሳምንት። ከተኛበት መነሣት ያቃተው 1 ሳምንት። በተኛበት የሚሸና 3 ቀን። መናገር ያቆመ 2 ቀን። ዓይኑን ማርገብገብ ያቆመ፣ ነገ።

ከጥር 24 ቀን 1935 ጀምሮ በሦስት ሌሊት እነዚያው አጥፊ መርከቦች መጥተው ከ10,000 የሚበልጡትን አወጡ። ደሴቲቱ ላይ ወርደው የነበሩት ከ30,000 በላይ ናቸው። ከሞቱትም አብዛኞቹን የገደላቸው ረሃብና በሽታ ነው።