ከሁሉም ጋር አንድ ዓይነት አትታገሉ

እንደምን አመሻችሁ! ቁጭ በሉ፤ ቀበቶ የምታስሩም እያሰራችሁ ስሙኝ፣ አላስረዝምም። አሰልጣኛችን «ለአዲሶቹ የጁጂትሱ ተማሪዎች ስለ ሮል ንገርልኝ» ስላለኝ ነው የቆምኩት፤ ሮል ማለት ሁለት ሁለት ሆነን የምናደርገው የልምምድ ትግል ነው።

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ነጭ ቀበቶ እያለሁ ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣመርኩ። እሷ 52 ኪሎ፣ እኔ 88። ገና እጅ እንደተነካካን ገፍቼ ጣልኳት፣ ጎኗ ላይ ወጣሁ፣ ደረቴን ፊቷ ላይ ጫንኩና እዚያው ቀረሁ። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም፣ ዝም ብዬ ከበድኩ። ትንፋሽ ሲያጥራት ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ እኮ! ተነስታ ቀበቶዋን እያጠበቀች «ጆንያም ይከብዳል» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ ሮል ከመጀመራችሁ በፊት ከፊታችሁ ያለው ማን እንደሆነ እዩ።

ከሚቀላችሁ ሰው ጋር ከሆናችሁ ከታች ሁኑ። ጋርድ ተጫወቱ፣ ማለትም በጀርባችሁ ሆናችሁ በእግራችሁ ተከላከሉ፣ ጀርባችሁን ስጡትና ማምለጥ ተለማመዱ። ግን እንደ ሬሳ አትዘርጉ፤ ሰው ሆን ተብሎ ሲለቀቅለት ያውቃል፣ ይናደዳልም። ጉልበታችሁን ቀንሱ እንጂ መከላከሉን አትተዉ።

ከሚከብዳችሁ ጋር ደግሞ መላ ጀርባችሁን መሬት ላይ ዘርግታችሁ አትተኙ፤ አለቀላችሁ። በጎናችሁ ሁኑ፣ ክርንና ጉልበታችሁን አገናኙ፣ ትንሽ ክፍተት ስታገኙ ወደ ጀርባው ዙሩ። የጁጂትሱው ሮይስ ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ፣ የተለያየ የትግል ስልት ያላቸው በሚገጥሙበት በመጀመሪያው የዩኤፍሲ ውድድር፣ 80 ኪሎ ገደማ ሆኖ የከበዱትን ያሸነፈው ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ አይደለም።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ማን መሰላችሁ? ጥቁር ቀበቶ አይደለም። ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ያለ ሰው ነው! ክፋት የለበትም፣ ግን ትንፋሹን ይዞ ይንፈራገጣል፣ ክርኑ የት እንደሚያርፍም አያውቅም፤ አንዴ አንዱ ከንፈሬን ሰንጥቆብኛል። እጅጌውን ያዙት፣ ቀስ በሉ፣ «ተንፍስ» በሉት። እግሩን ቆልፎ መጠምዘዝ ግን አትሞክሩበት። ወዴት መዞር እንዳለበት ስለማያውቅ በድንጋጤ ሲዞር የገዛ ጉልበቱን ይበጥሳል።

እዚያ ጥግ የሚስቁት ጋሼ 56 ዓመታቸው ነው፤ ግራ ትከሻቸው ታሟል። ከሳቸው ጋር ስትሠሩ ቀድማችሁ «ጋሼ፣ የት ልጠንቀቅ?» በሏቸው። ከዚያ በኋላ አትዘኑላቸው፣ ማነቅ ይችሉበታል።

ከፍ ያለ ቀበቶ ከገጠማችሁ ደግሞ ሞክሩ። ላለመሸነፍ ብላችሁ ኮሌታውን ሙጭጭ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ብትጨርሱ ምን አገኛችሁ? ከተያዛችሁ ታፕ አድርጉ፣ ማለትም መታ መታ አድርጋችሁ እጅ ስጡ፣ ቶሎ። የሮይስ አባት ሄልዮ ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ1951 በብራዚሉ ማራካኛ ስታዲየም ከጃፓናዊው ጁዶኛ ኪሙራ ጋር ሲታገል ክንዱ ተሰብሮም ታፕ አላደረገም፤ ወንድሙ ካርሎስ ነው ያስቆመው። ያ ማራካኛ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ማታ ነው፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለባችሁ።

በሉ ተነሱ። ጥፍሩን ያልቆረጠ፣ መቁረጫው በሩ አጠገብ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ተጣምራችሁት ከማታውቁት ሰው ጋር አድርጉት። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።