ፈዙ አለ፣ ድምፁ የለም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ አንድ ትንሽ ሳጥን ነው።

የጊታር ፔዳል፣ በእግር የሚረገጥ የጊታርን ድምፅ የሚቀይር ሳጥን፣ እየሠራሁ ነበር። ፈዝ ፌስ የሚባለውን፣ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ይረግጠው የነበረውን ክብ ፔዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ የወጣ ነው። ከፍታችሁ ብታዩት ድምፅ የሚያጎሉ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚገቱ አራት ሬዚስተሮች፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት ማዞሪያ። በቃ። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚህች ነገር መውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል።

በይጄ ጨረስኩና 9 ቮልት ባትሪ ሰክቼ ረገጥኩት። ሠራ! ፈዝ የሚባለው ሻካራ፣ ወፍራም ድምፅ መጣ። ግን ትንሽ ነው። ፔዳሉን ሳጠፋው ጊታሩ ይጮኻል፤ ስከፍተው ያንሾካሹካል። ቮልዩሙ ደግሞ ጥግ ድረስ ተከፍቷል።

ባትሪ ቀየርኩ። ገመድ ቀየርኩ። ሁለቱንም ትራንዚስተሮች ነቅዬ ሌላ አስገባሁ። ያው ነው። በቴስተር ስለካ የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር፣ ድምፁ የሚወጣበት እግሩ፣ 4.6 ቮልት ያሳያል። የሚፈለገው 4.5 አካባቢ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው እኮ! ታዲያ ድምፁ የት ሄደ?

በልጅነቴ ሰፈራችን ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። በካቻቪቴ ጫፍ ከስፒከሩ በኩል ጀምረው ወደ ኋላ እየነኩ ይሄዳሉ። ጥዝ ይላል፣ ጥዝ ይላል። ዝም ያለበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን ያቆማሉ። አንድ ማታ እሳቸው ትዝ አሉኝ። ለካ እኔ ሳይ እንጂ ስሰማ አልነበርኩም።

አንድ ሽቦ ጫፍ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድኩ። ሌላውን ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁ፤ የፔዳሉን ግራውንድም እንዲሁ። ካፓሲተሩ የባትሪውን ቮልቴጅ ያግድና ድምፁን ብቻ ያሳልፋል። እናንተም ከሞከራችሁት አምፑን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ አደራ።

መግቢያው ላይ ነካሁ፤ ንጹህ ጊታር። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ላይ ጎላ አለ። የሁለተኛው ኮሌክተር ላይ ስነካ ቤቱ ተናወጠ! ቀጥሎ ያለችውን የሁለት ሬዚስተሮች መገናኛ ስነካ... ሹክሹክታ።

እዚያ ቦታ ላይ ፔዳሉ ሆን ብሎ ድምፅ ይጥላል። 8.2 ኪሎ ኦም፣ ማለትም 8,200 ኦም፣ እና 470 ኦም ሬዚስተሮች ተከታትለው ይቀመጣሉ። ድምፁ የሚወጣው ከመሀላቸው ስለሆነ ከ18 አንዱ ገደማ ብቻ ያልፋል። የእኔን ሳየው 470 መሆን ያለበት 47 ነው። የሬዚስተር ቁጥር የሚነበበው ከላዩ ካሉት የቀለም ቀለበቶች ነው፤ 470 ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ ነው። 47 ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር። የበየድኩ ዕለት መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ነበር የሠራሁት። በዚያ ብርሃን ቡናማና ጥቁር አንድ ናቸው።

ቴስተሩም አልዋሸም። ከ8,200 ኦም አጠገብ 470 ሆነ 47፣ ቮልቴጁን እምብዛም አያናጋውም። ድምፁን ግን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እነዚያን ትራንዚስተሮች ያለ ጥፋታቸው መንቀሌ ነው። ድምፁ ሲያንስብኝ ከምንጩ የደከመ መስሎኝ ነበር። ፈዙ ግን መጀመሪያም ሙሉ ነበር። ሻካራነቱ ካልጎደለ ትራንዚስተሮቹ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው፤ የጠፋው ከእነሱ በኋላ ነው። ይህን ጆሮዬ የመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል፣ አላመንኩትም።

አሁን 470ዋ ገብታለች። ፔዳሉ ከጠፋበት ድምፅ ትንሽ ከፍ ይላል። በ1 ኪሎ ኦም ቢተካ እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ብዙ ሠሪዎችም ያደርጉታል። እኔ ግን ለጊዜው እንዲህ ልስማው ብያለሁ። የጊታሩን ቮልዩም ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ሻካራው ይሸሽና ንጹህ፣ ብርጭቆ የመሰለ ድምፅ ይቀራል። ቆይ፣ ልሰካው። ስሙት።